ባዝራዋን የረሳ በቅሎ አያገኝም

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማቱ ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን።

ለዛሬው ጽሑፌ መነሻ የሆነኝ አንድ ቁራሽ ዳቦ ነው። ደብረ ታቦር በነበርኩበት ጊዜ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንድ የከተማው ቤተሰብ ለምሳ ጠርቶን ነበር። ከተጋባዦቹ መካከል ከጉና ተራራ ግርጌ በበቅሎ የመጡ አንድ በዕድሜ የገፉ ሸህ፣ ለዕረፍት ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና እኔ እንገኝበታለን። የቤቱ እመቤት ከወጡ አጠገብ ትኩስ ድፎ ዳቦ ቆርሰው አቀረቡና «ስንዴ እንዳይመስላችሁ፣ ትሪቲካሌ ነው፤ ከባላገር ዘመዶቻችን ማሳ የመጣ» አሉ ደስ እያላቸው።

ተማሪው ወደ ዳቦው የዘረጋውን እጁን መለሰ። «ትሪቲካሌ እኮ ሰው ሁለት የተለያዩ እህሎችን አዳቅሎ ያወጣው ነው። አላህ ለየብቻ የፈጠረውን መቀላቀል ፍጥረቱን መለወጥ አይሆንም? እኔ ከሹብሃ መራቅ ይሻለኛል» አለ።

ሸሁ ግን ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ። ከዚያም «ልጄ፣ ደጅ የታሰረችውን አየሃት? እሷም የሁለት ዘር ናት። ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ተሸክማኝ መጣች። በእሷ መምጣቴ ሐራም ከሆነ ቶሎ ንገረኝ፣ በእግሬ እንድመለስ» አሉት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ተማሪውም ሳቀ፤ ዳቦውን ግን አልነካም። እመቤቲቱ ምንም ሳይናገሩ ሳህኑን ወደ ሌላው እንግዳ አዞሩት። ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ያ የእመቤቲቱ ዝምታ ነው።

አንድ ሙስሊም ከአጠራጣሪ ነገር መራቁ የሚያስመሰግነው ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር አጠራጣሪ መሆኑን ለመናገር በቅድሚያ ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው ልጆቹን ያሳደገበትን ሲሳይ በገበታው ላይ ሳለ «ሹብሃ» ማለት ቀላል ቃል አይደለም። ስለዚህ እስቲ የዝርያ መዳቀል ምን እንደሆነ፣ ዑለማዎቻችን ምን እንዳሉበትና አሳሳቢው ነገር የቱ ላይ እንደሆነ በየተራ እንመልከት። ይህን የምጽፈው ፈትዋ ለመስጠት አይደለም፤ ፈትዋ የባለቤቶቹ ነው። የእኔ ድርሻ የተጻፈውንና የታየውን ለአንባቢ ማቅረብ ብቻ ነው።

በቅሎ ከየት ትመጣለች?

በሳይንሱ አነጋገር አንድ ዝርያ የሚባለው እርስ በርሱ የሚዋለድ፣ የሚወለዱትም በተራቸው መውለድ የሚችሉ ፍጡራን ስብስብ ነው። የፋርጣን በግ ከጎጃሙ የዋሸራ በግ ጋር ማዳቀል በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱም በግ ናቸውና። ፈረስና አህያ ግን የቅርብ ዘመድ ይሁኑ እንጂ ሁለት ዝርያዎች ናቸው። ወንድ አህያ ባዝራን ሲያጠቃ የምትወለደው በቅሎ ናት።

በእያንዳንዱ ሕያው ፍጡር ሕዋስ ውስጥ የዘር ውርስን የሚሸከሙ ክር መሰል ነገሮች አሉ፤ ክሮሞዞም ይባላሉ። ፈረስ 64፣ አህያ ደግሞ 62 አላቸው። እያንዳንዱ ወላጅ ግማሹን ስለሚሰጥ ከእናት 32፣ ከአባት 31 ተደምሮ በቅሎ 63 ይኖራታል። በቅሎ በዚህ ሙሉ ጤና ይዛ ታድጋለች፤ በጽናትና በዕድሜም ከፈረስ የምትበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን የራሷን ዘር ለማዘጋጀት ክሮሞዞሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው መቆም ሲገባቸው ከእናትና ከአባት የመጡት በቁጥርም በመልክም አልገጥም ይላሉ። በዚህም የተነሳ በቅሎ መሀን ናት። በቅሎ ወለደች ተብሎ የተመዘገበበት ጊዜ በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ነው።

ሕዝባችን ይህን ሳይንስ ሳይማር ነገሩን ያውቀዋል። «በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ» የሚለው ተረት የሁላችንም ነው። «ዲቃላ» የሚለውንም ቃል ለስድብ እናውለዋለን። ይሁንና ይህችው አባቷን የምታፍር የተባለችው እንስሳ በቀድሞው ዘመን የመኳንንቱ መቀመጫ ነበረች፤ ፈረሱ ለጦርነት ሲጠበቅ ለመንገድ የሚመረጠው በቅሎ ነበር። በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታወቀ የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ የነበረችው ደሪጣ የቅፍለት ንግድ የኖረው በበቅሎና በአህያ ጀርባ ነው። አያቶቻችን ጨው፣ ጨርቅና ቡና የጫኑት በዚህች «ዲቃላ» ላይ ነበር።

ቁርኣንና ሐዲስ ስለ በቅሎ

ቁርኣን በቅሎን በስም ይጠቅሳል። በሱረቱ አን-ነህል 8ኛ አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ) ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን ለመጓጓዣና ለጌጥ መፍጠሩን ያወሳል፤ ሰዎች የማያውቁትንም እንደሚፈጥር አክሎ ይናገራል። ልብ እንበል! አንቀጹ በቅሎን የሚያነሳው ከሁለት ወላጆቿ መካከል አድርጎ፣ ለሰው ልጅ ከተዋሉ ጸጋዎች መደብ ነው። በቅሎ የምትገኘው ግን በአብዛኛው በሰው እጅና በሰው ፍላጎት ነው። ሰው አቀረበ፣ ፈጣሪው ግን አላህ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው በበቅሎ ተቀምጠዋል። የግብጹ ገዥ ሙቀውቂስ ከላከላቸው ስጦታ መካከል ዱልዱል የምትባል በቅሎ እንደነበረች የሲራ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በሑነይን ሰልፉ በተፈታ ጊዜ ነቢዩ ወደ ኋላ ሳይሉ በነጭ በቅሎ ላይ ሆነው እንደቆሙ የታወቀ ነው። ሲሞቱም ትተውት ካለፉት ጥቂት ነገር መካከል አንዷ ነጯ በቅሎ እንደነበረች በቡኻሪ ዘገባ ውስጥ ይገኛል።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የተማሪው ጥያቄ በቀላሉ በተመለሰ ነበር። ነገር ግን ከዚህ ጎን የቆመ ሌላ ሐዲስ አለ። አቡ ዳውድና ነሳኢ እንደዘገቡት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቅሎ ተበርክታላቸው በተቀመጡባት ጊዜ ዐሊ (ረ.ዐ) አህዮችን ከፈረሶች ጋር ብናገናኝ እኛም እንዲህ ዓይነት ይኖረን ነበር አሉ። ነቢዩም ይህን የሚሠሩት የማያውቁ ሰዎች መሆናቸውን ነገሯቸው። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሌላ ዘገባ ደግሞ የነቢዩ ቤተሰቦች ከሌላው ሰው ተለይተው ከታዘዙባቸው ሦስት ነገሮች አንዱ አህያን ከፈረስ ጋር አለማገናኘት ነው።

ለመሆኑ እነዚህ እንዴት ይታረቃሉ? ቁርኣን በቅሎን ከጸጋ ይቆጥራል፤ ነቢዩም ይቀመጡባታል፤ ማዳቀሉን ግን ለቤተሰባቸው አይወዱም። ከቀደምት ዑለማዎች መካከል ድርጊቱ መክሩህ ነው ያሉ አሉ። በ321 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ግብጻዊው የሐነፊ ሊቅ ኢማም ጠሃዊ ግን ጉዳዩን በስፋት መርምረው ክልከላው ስለ መዳቀሉ እንዳልሆነ አስረድተዋል። መዳቀሉ በራሱ ሐራም ቢሆን ኖሮ ነቢዩ በውጤቱ ባልተጠቀሙ ነበር። ምክንያቱ በበኒ ሃሺም ዘንድ የነበሩት ፈረሶች ጥቂት መሆናቸው ነው፤ ነቢዩ የፈለጉት ፈረሱ እንዲበዛ ነው።

ይህን ትርጓሜ እንያዘው። ባዝራ አንድ ጊዜ ካረገዘች 11 ወር ያህል ትሸከማለች፤ ከዚያም ታጠባለች። በቅሎ በወለደችበት ዓመት ፈረስ አልወለደችም። በቅሎ ደግሞ አትተካም። ሰው ሁሉ በቅሎ አማረኝ ብሎ ባዝራውን ለአህያ ካቀረበ፣ ጥቂት ዓመት በበቅሎ ላይ ተቀምጦ ይዝናና እንጂ መጨረሻው ባዝራም በቅሎም የሌለው እግረኛ መሆን ነው። «የማያውቁ» የተባሉትም ይህን ሒሳብ የማያውቁት መሆናቸውን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለምግብ ሲሆንስ?

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ የበቅሎ ሥጋስ?» ማለቱ አይቀርም። ጃቢር (ረ.ዐ) ስለ ኸይበር በዘገቡት ሐዲስ የበቅሎና የአህያ ሥጋ ተከልክሏል። የፈረስን ሥጋ ሻፊዒዮችና ሌሎችም ሲፈቅዱ በቅሎን ግን አልፈቀዱም። ምክንያቱም የተፈቀደና ያልተፈቀደ በአንድ ላይ ሲገናኙ ክልከላው ያመዝናል የሚል መርህ በፊቅህ ውስጥ አለ። ኢማም ማሊክም በሙወጧእ ውስጥ ያንኑ የአን-ነህልን አንቀጽ በመያዝ እነዚህ እንስሳት ለመጋለቢያ እንጂ ለመብል አልተጠቀሱም ብለዋል።

ዑለማዎቹ ከዚህም አልፈው በፍየልና በሚዳቋ መካከል ተዳቅሎ የተወለደ ቢኖር ዘካ ይወጅብበታል ወይስ አይወጅብበትም ብለው ተከራክረዋል። ሐነፊዮች እናቱን ተከትሎ ይታያል ሲሉ ሻፊዒዮች ዘካ የለበትም ብለዋል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ፦ የድቅል ጉዳይ ለዑለማዎቻችን እንግዳ አልነበረም። «ድቅል ነውና ሐራም ነው» ብለው በጅምላ አልዘጉትም፤ ወላጆቹን እየጠየቁ ነው የፈረዱት። ሁለቱም ወላጆች ሐላል እህል ከሆኑ ታዲያ ልጁን ሐራም የሚያደርገው ምንድን ነው?

ስንዴና ራይ እንዴት ተጋቡ?

ትሪቲካሌ የሚለው ስም የስንዴና የራይ ሳይንሳዊ ስሞች ተገጣጥመው የወጣ ነው። ራይ ብርድና ደካማ አፈር የሚችል፣ በሰሜን አውሮፓ ለዳቦ የሚውል እህል ነው። ስንዴ ዳቦው ያማረ፣ ራይ ደግሞ ጉልበቱ የበረታ በመሆኑ ሁለቱን የማጣመር ሐሳብ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ በ1875 ዊልሰን የተባለ የስኮትላንድ ተመራማሪ አዳቀላቸው፤ የበቀለው ግን እንደ በቅሎ መሀን ሆነ። እ.ኤ.አ በ1888 ጀርመናዊው ሪምፓው ፍሬ የሚሰጥ አገኘ።

መሀንነቱ የመጣው ከበቅሎዋ ጋር በሚመሳሰል ምክንያት ነው። የማካሮኒ ስንዴ 28 ክሮሞዞም፣ ራይ ደግሞ 14 አላቸው። ግማሽ ግማሹ ሲደመር 21 ይሆናል፤ ሁሉም ጥንድ የሌለው ብቸኛ ነው። መፍትሔው እ.ኤ.አ በ1937 ኮልቺሲን የተባለ ንጥረ ነገር ክሮሞዞምን እጥፍ ማድረግ እንደሚችል በመታወቁ ተገኘ። 21ዱ 42 ሲሆን እያንዳንዱ ጓደኛ አገኘ፣ እህሉም ዘሩን መተካት ቻለ። ለበቅሎ ያልተገኘው መድኃኒት ለእህል ተገኘ ማለት ነው። የሚገርመው ኮልቺሲን የሚወጣበት አበባ ኢብን ሲናን የመሳሰሉ ሐኪሞቻችን ሱሪንጃን ብለው ለሪህ ሕመም ይጠቀሙበት የነበረው ተክል መሆኑ ነው።

በመሀንነቱ ፋንታ ሌላ ችግር ቀረ። የመጀመሪያዎቹ ትሪቲካሌዎች ፍሬያቸው የጨመተረ፣ ምርታቸውም ያነሰ ነበር። ከ1964 እ.ኤ.አ ወዲህ በሜክሲኮ፣ በኋላ የኖቤል የሰላም ሽልማት ባገኙት በኖርማን ቦርላግ የሚመሩ ተመራማሪዎች ለዓመታት እየመረጡ አሻሻሉት። ወደ ደቡብ ጎንደር የመጣው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ ማብቂያ አካባቢ፣ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ይደገፍ በነበረው የተቀናጀ የምግብ ዋስትና ፕሮግራም አማካይነት ነው። ፋርጣንና ላይ ጋይንትን የመሳሰሉ ወረዳዎች አፈራቸው በመታጠብ የተጎዳ፣ ብዙ ቦታም አሲድ የበዛበት ነው። ስንዴ እንቢ ባለበት በዚያ መሬት ትሪቲካሌ በቀለ። ዱቄቱ ለዳቦና ለቂጣ ይሆናል፤ ከጤፍ ጋር ተደባልቆም ለእንጀራ ይውላል፤ ረጅሙ አገዳ ለቤት ክዳንና ለከብት መኖ ይጠቅማል።

ከተሜው አንባቢ ሊለየው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ትሪቲካሌ እንደ ዲቃላው በቆሎ በየዓመቱ ዘሩ የሚገዛ አይደለም። ክሮሞዞሙ ጥንድ ስላገኘ ገበሬው ከራሱ ጎተራ ወስዶ መልሶ ሊዘራው ይችላል።

ከደብረ ታቦር ቁልቁል በፎገራ ሜዳ ላይም የዚህ ዓይነት ሌላ ምሳሌ አለ። የአፍሪካ ሩዝና የእስያ ሩዝ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ የሴራሊዮኑ ተወላጅ ሞንቲ ጆንስ በአይቮሪ ኮስት በሚገኝ የምርምር ማዕከል ሁለቱን አዳቅሎ ኔሪካ የተባሉትን ሩዞች አወጣ፤ ለዚህም በ2004 እ.ኤ.አ የዓለም የምግብ ሽልማትን ተጋርቷል። ኔሪካ ለኢትዮጵያ ገበሬም ደርሷል።

«ፍጥረትን መለወጥ» ሲባል

አሁን ወደ ተማሪው ዋና ጥያቄ እንመለስ። በሱረቱ አን-ኒሳእ 119ኛ አንቀጽ ላይ ሸይጧን ሰዎችን የአላህን ፍጥረት እንዲለውጡ እንደሚያዛቸው መዛቱ ተጠቅሷል። ተፍሲር ጸሐፊዎች በትርጉሙ ላይ የተለያየ ነገር ብለዋል። ጠበሪ የመረጡት የአላህን ዲን መለወጥ ማለት ነው የሚለውን ሲሆን፣ ሌሎች ማኮላሸትን፣ ንቅሳትንና የመሳሰለውን አንስተዋል። አንቀጹ ራሱ የሚያወራው በጣዖት ስም የከብትን ጆሮ ስለ መተልተል ነው። ስንዴን ከራይ ጋር አገናኝቶ የተራበን መመገብ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በመካ የሚገኘው የራቢጣው የፊቅህ ጉባኤ በ1998 እ.ኤ.አ ባደረገው 15ኛ ስብሰባ፣ ከመዳቀል እጅግ የራቀውን የዘረ-መል ምህንድስናን እንኳ በእርሻና በከብት እርባታ መጠቀም እንደሚቻል ወስኗል። ይህም በሰው፣ በእንስሳትና በአካባቢ ላይ ጉዳት እንዳያስከትል በሚል ቅድመ ሁኔታ ነው። በመዲና ቴምር አዳቃዮች ላይ የደረሰውንም እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የወንዴውን አበባ በሴቴዋ ላይ ማድረጋቸው የሚጠቅም ሳይመስላቸው ቀርቶ ሰዎቹ ተዉት፤ ምርቱም ቀነሰ። ነቢዩም የዓለማዊ ሥራቸውን ጉዳይ እነርሱ የበለጠ እንደሚያውቁት ነገሯቸው። ሙስሊም የዘገቡት ይህ ሐዲስ ለገበሬውና ለተመራማሪው ሰፊ በር ከፍቷል።

ደግሞስ መቀላቀሉ የሰው ፈጠራ ነውን? በየጠዋቱ አዲስ አበባ ላይ የምንበላው የፉርኖ ዳቦ የሚሠራበት ስንዴ ራሱ ድቅል ነው። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በካስፒያን ባሕር አካባቢ 28 ክሮሞዞም ያለው የጥንት ስንዴ ከአንድ የዱር ሣር ጋር በማሳ ላይ በራሱ ተዳቅሎ 42 ያለው የዳቦ ስንዴ ተገኘ። ላቦራቶሪ አልነበረም፣ ኮልቺሲን አልነበረም። ያደረገው ማን ነው?

ከምሳው በኋላ ቡና ቀረበልን። ተማሪው ሁለት ስኒ ጠጣ። እኔም ያን ጊዜ የማውቀውን ነገርኩት፤ የአገራችን የዐረቢካ ቡና ከሁለት የተለያዩ የቡና ዝርያዎች በተፈጥሮ ተዳቅሎ የወጣ ነው። 22 ክሮሞዞም ካላቸው ሁለት ወላጆች 44 ያለው ቡና ሆነ። አላህ በጫካ ውስጥ ማንም ሳያይ የቀላቀለውን እኛ በስኒ እንጠጣለን። ተማሪው ስኒውን ተመለከተና «ይህንንስ ማንም አልነገረኝም» አለ።

ታዲያ ምንም ስጋት የለም?

ጽሑፌን እዚህ ላይ ባቆም ግማሹን ብቻ በተናገርኩ ነበር። ተማሪው ስጋቱ ቦታውን ሳተ እንጂ ስጋት መኖሩ ትክክል ነው። ያን ቀን የነገሩን ፍሬ የነገሩን ሸሁ ናቸው። ስለ በቅሏቸው ስጠይቃቸው «ይህች ከሞተች በኋላ ሌላ ማግኘቴን እንጃ። በልጅነቴ በሰፈራችን ባዝራ ብዙ ነበረ። ሰው በቅሎ በቅሎ ሲል ባዝራው አለቀ። አሁን ባዝራ ያለው ሰው ስንት ነው?» አሉኝ። ይህ የኢማም ጠሃዊ ትርጓሜ ነው፤ በጉና ግርጌ በኖሩ ሰው አፍ የተነገረ።

ድቅል የሚኖረው ወላጆቹ እስካሉ ድረስ ነው። ይህ በበቅሎ ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። ትላልቆቹ፣ ጥቁርና ነጭ የሆኑት፣ ረግረጉን የለመዱት የፎገራ ከብቶች ዜቡና ሳንጋ ከሚባሉ የከብት ወገኖች ቅይጥ የወጡ ናቸው። ስለዚህ እነርሱም የመቀላቀል በረከት ናቸው። ዛሬ ግን ያለ ጥንቃቄ ከደጋው ከብትና ከውጭ ዝርያ ጋር መደባለቃቸው፣ የግጦሹም መሬት ለሩዝ መዋሉ ንጹሑን የፎገራ ዘር እያሳነሰው ነው። ከ1964 እ.ኤ.አ ጀምሮ የነበረው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዘሩን ለማቆየት የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ በባሌ ተራሮች ከቤት ውሾች ጋር ሲዳቀል ተመራማሪዎች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ መዝግበዋል። በቅሎ መሀን ስለሆነች ፈረስን አታጠፋም። የቀበሮና የውሻ ድቅል ግን ይወልዳል፤ ስለዚህም ቀስ በቀስ ቀበሮው ራሱ በውሻ ዘር ውስጥ ሊሰጥም ይችላል። ይህ አውሬ በደቡብ ጎንደር በጉና ተራራ ላይም በጣም ጥቂት ሆኖ ተመዝግቦ ነበር። ማንም አስቦ ያላደረገው፣ ከግዴለሽነት የመጣ መቀላቀል አንድን የአላህ ፍጥረት ከምድር ሊያጠፋ ይችላል ማለት ነው።

በእህሉም በኩል እንዲሁ ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ ኢትዮጵያን በጎበኘ ጊዜ በገብስና በስንዴ ዓይነት ብዛት ተደንቆ ነበር። ከእነዚህ የገበሬ ገብሶች በአንዱ ውስጥ የተገኘ የመቋቋም ኃይል በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የገብስን ማሳ ከሚያቢጭ ቫይረስ ለማዳን ጠቅሟል። ስንዴን በ2010 እ.ኤ.አ በአገራችን ቢጫ ዋግ ሲመታው ተመራማሪዎች የሚያዩት ወደ አሮጌው ዘር ነው። አዲሱን የሚወልደው አሮጌው ነው። በ1976 እ.ኤ.አ አዲስ አበባ ውስጥ የዕፅዋት ዘር ማዕከል የተቋቋመውም ይህ ዘር እንዳይጠፋ ነው። ነገር ግን በቀዝቃዛ ክፍል የተቀመጠ ዘር በማሳ ላይ በየዓመቱ ከብርዱና ከዋጉ ጋር እየታገለ የሚኖረውን ያህል አይሆንም። ትሪቲካሌ የዘራ ገበሬ ከማሳው ጥግ ላይ የአያቱን ገብስና ስንዴ ከዘራ ባዝራውን ጠብቋል።

የከተማ ሙስሊሞች ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ «ሐራም» እና «ሹብሃ» የሚሉትን ቃላት ከመናገራችን በፊት እንጠይቅ። ዲኑን ለሚያውቀው ስለ ዲኑ፣ እህሉን ለሚያውቀው ስለ እህሉ። በማናውቀው ነገር ሰውን በገበታው ማሳፈር ከተቅዋ አይቆጠርም።

ሁለተኛ፣ ድቅል ስለሆነ ብቻ የሚናቅ ፍጥረት የለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተቀመጡባትን እንስሳ ስም ለስድብ መጠቀም አያምርብንም።

ሦስተኛ፣ ገበያ ወጥተን የምንጠይቀው እህል በማሳ ላይ የሚቀረውን ይወስናል። የፉርኖውን ዱቄት ብቻ ከፈለግን ገበሬው ሌላውን የሚዘራበት ምክንያት አይኖረውም። የገብስ ቂጣ፣ የገብስ ገንፎ፣ የደጋው ስንዴ ቆሎ በቤታችን ከቀረ እናት ዘሮቹም ይቀራሉ።

ምሳው አልቆ ስንወጣ ተማሪው ወደ እመቤቲቱ ተመልሶ ለመንገድ የሚሆን ዳቦ ቢሰጡት ለመናቸው። በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡትና «አላህ ያብዛልህ» አሉት። ሸሁ ደግሞ ኮርቻቸውን እየጫኑ ወደ እኔ ዞሩና «ባዝራ የሚሸጥ ሰው ብትሰማ ላክብኝ» አሉኝ። እስካሁን አልሰማሁም። ይህን የሚያነብ፣ በዚያ አካባቢ ባዝራ ያለው ወንድም ካለ፣ አደራ፣ ባዝራውን በደንብ ይያዛት።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን፤ የሰጠንንም ጸጋ ከነሥሩ የምንጠብቅ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።